ቪትዝ ላይ 185 ጎማ አስገብቼ በአምስተኛው ወር አወጣሁት

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ልንገራችሁ፣ ጎማ የቀየርኩት ለማማር አይደለም፣ ተሳቅቄ ነው። መኪናዬ ቪትዝ ናት፣ ሁለተኛው ሞዴል፣ አንድ ሺህ ሲሲ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ ማኑዋል። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። አስፋልቱ ላይ ምንም ችግር የለም፣ ወደ ብሎካችን የሚያስገባው ኮብልስቶን ላይ ግን ሦስት ብሬከር አለ፣ አንዱን የሰፈር ሰው በተረፈ ሲሚንቶ ራሱ ነው የሠራው፣ እሱ ብሬከር አይደለም አጥር ነው። ብቻዬን ስሆን በሰያፍ እየገባሁ አልፈዋለሁ። ከኋላ ሦስት ሰው ከተቀመጠ ግን ሆዷ ጭርርር ብሎ ይፈጫል። አማቴን እሁድ እሁድ ቤተክርስቲያን ይዣቸው ስሄድ እዛች ቦታ ስንደርስ "ልውረድላችሁ እንዴ ልጄ?" ይሉኛል። ይወርዱና ነጠላቸውን አስተካክለው ብሬከሩን በእግራቸው ተሻግረው እዛ ማዶ ቆመው ይጠብቁናል። ሰፈሩ ሁሉ ያያል። እስቲ አስቡት፣ መኪና ይዘህ አማትህን በእግር ስታስኬድ።

አንድ ቀን ማርሚታዋን በደንብ መታኋትና ድምጿ እንደ ባጃጅ ሆነ። ጎረቤቴ ራይድ የሚሠራ ልጅ ነው፣ "ጎማዋን አሳድጋትና ተገላገል" አለኝ። እውነትም ከተማው ውስጥ ልብ ብላችሁ ካያችሁ ከፍ ከፍ ያሉ ቪትዞች ብዙ ናቸው፣ አንዳንዱ ሞላው ላይ ስፔሰር (ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ) አስገብቶ፣ አንዳንዱ ወፈር ያለ ጎማ አርጎ፣ አንዳንዱ ሁለቱንም አርጎ ቆሞ ሲታይ ገና እንደተወለደ ጥጃ እግር ብቻ ይሆናል። እኔም በቃ ልሞክረው ብዬ ጥቅምት ላይ መርካቶ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ሱቅ ስሙን አልጠራም። ልጁ ተግባቢ ነው፣ ሻይ ሁሉ አዘዘልኝ። በሬ ላይ ያለው ስቲከር 165/70/14 እንደሚል ነገርኩት። "ብሮ 165 እኮ የብስክሌት ነው፣ 185/70 ግባበት፣ ጂፕ ነው የምትሆንልህ" አለኝ። ይገባል ወይ፣ አይነካም ወይ ስለው "ስንቱ ቪትዝ አስገብቷል፣ ይገባል" አለ። ሜትር አላወጣም፣ ጎንበስ ብሎ ፓራፋንጎው ስር አላየም፣ መሪ አላዞረም። ይገባል አለ፣ እኔም አመንኩ። ጥፋቱ የሱ ብቻ አይደለም፣ ሻይ ሲያዝልህ ደሞ አትጠይቅም።

ዋጋ አልጽፍም፣ ብጽፍላችሁም አይጠቅማችሁም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ጠዋት የጠየቅከውን ዋጋ ከሰዓት አታገኘውም። ማለት የምችለው በኦርጅናሉ ሳይዝና በ185ቱ መሃል የነበረው ልዩነት በአንድ ጎማ የአንድ ሰው ምሳ ያህል ነበር፣ ክትፎ ሳይሆን በያይነቱ። ስለዚህ ያታለለኝ ዋጋው አይደለም፣ ቁጥሩ ነው።

እሷን ቁጥር ቤት ገብቼ ነው በስልኬ ካልኩሌተር የሠራኋት፣ መሥራት የነበረብኝ ግን ከመግዛቴ በፊት ነበር። ለማያውቀው፣ 165 ማለት የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው፣ 70 ማለት የጎኑ ቁመት የወርዱ 70 ፐርሰንት ነው፣ 14 ደግሞ የቸርኬው ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በኢንች። 165ን በ70 ፐርሰንት ስታባዛው 115.5 ሚሊ፣ ከላይም ከታችም ስላለ እጥፉ 231፣ የ14 ኢንች ቸርኬ 355.6 ሚሊ ነው፣ ስትደምረው 586.6። ይሄ ጎማው ቆሞ ከመሬት እስከ ጫፍ ያለው ቁመት ነው። 185/70/14 በዚሁ ስሌት 614.6 ይመጣል። ልዩነቱ 28 ሚሊ። ሦስት ሴንቲ ሊሆን ምንም አልቀረው ብዬ ደስ አለኝ። ግን እኮ መኪናዋ የተቀመጠችው ጎማው መሃል ላይ ነው! ጎማው 28 ሚሊ ቢያድግ ከመሃሉ በታች ያደገው ግማሹ ነው፣ የቀረው ግማሽ ወደ ላይ ወደ ፓራፋንጎው ነው የሄደው። ስለዚህ ሆዷ ከመሬት የራቀው 14 ሚሊ ብቻ ነው፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር ስፋት አያልፍም። ለአውራ ጣት ጥፍር ነው አራት ጎማ የገዛሁት።

ደሞ ሌላ ያላሰብኩት ነገር አለ። አሮጌው ጎማዬ ጥርሱ አልቆ ወደ 2 ሚሊ ወርዶ ነበር፣ አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ አካባቢ ነው። ያ ማለት ያንኑ ኦርጅናል ሳይዝ አዲስ ብገዛ ኖሮ ያለ ምንም ጣጣ 6 ሚሊ ከፍ ትልልኝ ነበር። መጀመሪያ ሳምንት "አቤት ልዩነቱ!" እያልኩ ለጎረቤት ሳወራ የነበረው ሲሶው የአዲስነት ነው።

ልክ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ እሱን አልክድም። ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ኮብልስቶኑን ዋጥ ያደርገዋል፣ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ድሮ ጓ የሚለው አሁን ድም ነው የሚለው። ብቻዬን ስሆን ሦስቱንም ብሬከር ቀጥ ብዬ አለፍኩ። እሁድ ደረሰና አማቴን፣ ባለቤቴንና ልጁን ጭኜ ወደ ሲሚንቶው አጥር ቀረብኩ፣ አማቴ የበሩን እጀታ ያዙ፣ "አይውረዱ እማዬ፣ ጎማ ቀይሬያለሁ" አልኩ በኩራት። የፊቱ አለፈ። የኋላው ሲወርድ ሁለት ድምፅ ሰማን፣ አንዱ የድሮው ጭርርር ነው፣ ትንሽ ቀለል ብሎ፣ ሌላኛው አዲስ ነው፣ ፍርርክ የሚል። አማቴ "ይሄኛው ደሞ የት ነው?" አሉ።

የት እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። ኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ ሞላው ሲወርድ ጎማው የፓራፋንጎውን ውስጥ ይልሳል። ፊት ደግሞ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ ከፓርኪንግ በሪቨርስ ስወጣ ጎማው ከውስጥ በኩል ያለውን ፕላስቲክ ይፈጨዋል፣ ጠዋት ጠዋት ዘበኛው በዛ ድምፅ ነው መውጣቴን የሚያውቀው። በጎማውና ከላዩ ባለው የሞላ መቀመጫ መሃል ደሞ ድሮ ሁለት ጣት የሚያስገባው ክፍተት አሁን አንድ ጣት ነው የሚያስገባው። ፕላስቲኩን መንካቱ ድምፅ ነው፣ ይለመዳል። ጎማ ከብረት ጋር ከተነካካ ግን ጎኑን እየላጠ ነው የሚሄደው፣ አንድ ቀን 100 እየነዳህ ይሰናበትሃል።

ተመልሼ ሱቁ ሄድኩ። ልጁ አሁንም ተግባቢ ነው። "ብሮ ቀላል ነው፣ ፕላስቲኩን እንቆርጠዋለን፣ የኋላውን ፓራፋንጎ ጠርዙን በመዶሻ እናጥፈዋለን" አለ። ለማጠፊያው ሌላ ክፍያ አለው እንግዲህ። ጠርዙን በመዶሻ ስትመታው ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ውሃና ጭቃ ይገባዋል፣ በሁለት ዓመት ዝገት ነው። መኪናን ለጎማ ብሎ ማረድ አይደለም እንዴ ይሄ። ልቀይርልህ ወይ አላለኝም፣ እኔም አንዴ ነድቼበታለሁና አልጠየቅኩም፣ ወጣሁ። ለሱቁ ከ5 ኮከብ 2 እሰጠዋለሁ፣ አንዱ ለሻዩ አንዱ ለባላንሱ፣ ባላንሱን በእውነት ጥሩ ነው የሠሩት፣ 120 ላይ እንኳ መሪው አልተንቀጠቀጠም።

ሞተሩ ላይ የሆነውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ትልቅ ጎማ ማለት ማርሽህ ሁሉ ከፍ ያለ ማለት ነው፣ ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር መኪናዋ ድሮ ከምትሄደው 4.8 ፐርሰንት ይበልጥ ትሄዳለች፣ ለሜዳ መንገድ ጥሩ ነው፣ ለዳገት ግን ቪትዝ ያንን 4.8 ከየት ታምጣው? አዲስ አበባ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው፣ 2,400 ሜትር አካባቢ ነን፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከባህር ወለል ጋር ሲተያይ የጉልበቱን አንድ አምስተኛ ያህል እንዳጣ ቁጠረው። አንድ ሺህ ሲሲ ላይ አንድ አምስተኛ ቀንሰህ ከባድ ጎማ ጨምረህ፣ ከዛ እንጦጦ ውጣ ትላታለህ። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ድሮ በሁለተኛ እያቃሰተችም ቢሆን ትወጣው ነበር፣ አሁን መሃል ላይ አንደኛ ማስገባት ግድ ሆነ፣ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ለቀቀብኝ። ዳገት ላይ ቆመህ ስትነሳ ደግሞ ፍሪሲዮኑን ብዙ ማሸት አለብህ፣ ሁለት ጊዜ ያ የተቃጠለ ሽታ መጣብኝ። ፍሪሲዮን ማስቀየር ስንት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ነዳጅ በላች ወይ? እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼ ነበር። ድሮ ለ100 ኪሎሜትር 6.2 ሊትር አካባቢ ነበር የምቆጥረው። 185ቱን ካስገባሁ በኋላ ስቆጥር 7 ሊትር ወጣ። ደነገጥኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ኪሎሜትሩ የሚቆጥረው የጎማውን ዙር ነው፣ ጎማው ሲያድግ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ትሄዳለህ እሱ ግን ድሮውን እያሰበ ይቆጥራል። ወደ አዳማ ስሄድ በስልኬ ጂፒኤስ ልኬው 50 ኪሎሜትር በነዳሁበት ዳሽቦርዱ 48 እንኳ አልሞላም። ስለዚህ 7ቱን በ1.048 ስታካፍለው እውነተኛው 6.7 ነው። ጨምሯል፣ ግን እንዳስፈራኝ አይደለም። ፍጥነቱ ደሞ አስቂኝ ነው፣ ድሮ ቀስቱ 80 ሲል ጂፒኤሱ 76 ነበር የሚለው፣ ፋብሪካ ሲወጣ ቆጣሪው ትንሽ እያጋነነ ነው የሚወጣው፣ አሁን 80 ሲል ልክ 80 ሆነ። ማለትም ትልቁ ጎማ ቆጣሪዬን እውነተኛ አደረጋት! ግን ከዚህም በላይ ብታሳድገው ቀስቱ 80 እያለህ አንተ 84 ትሄዳለህ፣ ከዛ ራዳር ላይ ለትራፊኩ ጎማ ቀይሬ ነው በለው እስቲ።

የአዳማው ጉዞ ሌላም ትምህርት ነበረው። ስመለስ በአሮጌው መንገድ መጣሁ፣ ሞጆ አካባቢ የፊት ግራ ጎማዬ ሚስማር በላ። የቪትዝ እስኮርታ (ትርፍ ጎማዋ) ቀጭኗ ናት፣ ከ185ቱ ጎን ስታቆማት እናትና ልጅ ነው የሚመስሉት። እሷን ፊት ላይ አስረህ ብትነዳ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ቁመታቸው ስለማይገናኝ አንዱ ሁልጊዜ ከሌላው በላይ ይሽከረከራል፣ ያን ልዩነት የሚሸከመው ዲፈረንሻሉ (የሁለቱን ጎማ ዙር የሚያቻችለው ጥርስ) ነው፣ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ እንኳ እረፍት የለውም። ስለዚህ በዛ ፀሐይ የኋላውን ጥሩ ጎማ ፈትቼ ወደ ፊት፣ ቀጭኗን ወደ ኋላ፣ ሁለቴ ክሪክ። ላብ በላብ ሆኜ ስጨርስ አንዱ መንገደኛ መጥቶ "ፊት ላይ አስረሃት ብትሄድ ምን ነበር" አለኝ፣ ዝም አልኩት። ትልቅ ጎማ የምታስገቡ እስኮርታችሁንም አስቡባት፣ ያልተለወጠች አምስተኛ ጎማ አለቻችሁ።

ቡሎኖቹ ደግሞ ሌላ ታሪክ ናቸው፣ ክሪኩ ላይ እያለሁ ሊፈቱልኝ አልቻሉም። ሱቁ ውስጥ ልጁ ረጅም ቧንቧ መፍቻው ላይ አስገብቶ በእግሩ ቆሞበት ነበር ያጠበቀው። ቶዮታ ለዚህ መኪና የሚለው 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ ያ ማለት ግማሽ ሜትር እጀታ ላይ ወደ 20 ኪሎ ጫና፣ የአዋቂ ሰው ሙሉ ክብደት አይደለም። ከዛ በላይ ማጥበቅ የቡሎኑን ጥርስ ይበላዋል፣ መንገድ ላይ ደግሞ አንተን ይበላሃል።

እንግዲህ መጋቢት ላይ ተስፋ ቆርጬ ላምበረት አካባቢ መንገድ ዳር ወዳሉ አንድ ጎሚስታ ሄድኩ፣ ሱቅ አይባልም፣ ቆርቆሮ ነው፣ አንድ ኮምፕሬሰር፣ አንድ የውሃ በርሜል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ከመነዳሪ። ሽማግሌው ፀጉራቸው ሸብቷል። "ጋሼ፣ ጎማው ይነካብኛል" አልኳቸው። ምንም ሳይሉ ጠመኔ አወጡና የጎማውን ትከሻ ዙሪያውን ነጭ ቀቡት፣ "እስቲ ሙሉ አዙረህ ቀስ ብለህ ወደኋላ ሂድ" አሉኝ። ሄድኩ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ጠመኔው የት የት እንደተለጠፈ ፕላስቲኩ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም! መርካቶ ላይ አንድ ሰው ጠመኔ ቢኖረው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ከዛ ደግሞ ወደ ኋላ ዞሩና ዝም ብለው ትንሽ አዩዋት። አጠገባችን ሌላ ቪትዝ ጎማ ልታስጠግን ቆማ ነበር፣ ያው ሞዴል። ሜትር ዘርግተው ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ የሷን ለኩ፣ ከዛ የኔን ለኩ። የኔ በ3 ሴንቲ ዝቅ ያለ ነው። "ልጄ፣ አንተን ያስቸገረህ ጎማ አይደለም" አሉ፣ "ሞላዋ ተቀምጧል"። እኔ 14 ሚሊ ለማግኘት ስባዝን ሞላው ዝም ብሎ 30 ሚሊ ወስዶብኛል። የኋላ ሞላ ዕድሜው ሲገፋ፣ በተለይ መኪናው ሁሌ ሰው ከጫነ፣ እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱ አያየውም። ሰፈር ውስጥ ያየነው ቪትዝ ሁሉ ዝቅ ያለ ስለመሰለኝ የሷ ተፈጥሮ ነው ብዬ ነበር።

ሽማግሌው ስለ ቮልስ ማውራት ጀመሩ ከዛ፣ ወጣት ሆነው ቮልስ ነበራቸው መሰለኝ። "ቮልስ እንዲህ አይነት መንገድ አይፈራም ነበር፣ ለምን ይመስልሃል?" አሉኝ። ጎበዝ ስለሆነ ነው አልኳቸው። "ጎማው 15 ነው፣ ከመጀመሪያውም ረጅም ሆኖ ተሠርቶ፣ ሆዱ ደግሞ ጠፍጣፋ ነው፣ ሞተሩ ከኋላ፣ መሃል ላይ የሚንጠለጠል ማርሚታ የለውም። መሐንዲሱ ያሰበበት ነው፣ እኛ አሁን የምናደርገው ግን..." ብለው እጃቸውን አወራጩ። ቮልስን እንደዛ አስቤው አላውቅም ነበር።

ያደረግነው ይሄ ነው። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ግን ያልተቀመጠ የኋላ ሞላ ጥንድ አገኘሁ፣ አጭሩን ረጅሙን እያቆምኩ እዛው ከመሬት ጋር አወዳድሬ ነው የገዛሁት፣ ሾኩን አብሬ ቀየርኩ። 185ቶቹን አምስት ወር የሠሩ ናቸውና ኮሮላ ያለው ሰው ወሰደልኝ፣ ከስሬ ቢሆንም። በምትኩ 175/70/14 አስገባሁ። ስሌቱ 600.6 ይመጣል፣ ከኦርጅናሉ በ14 ሚሊ ይበልጣል፣ 2.4 ፐርሰንት፣ ሆዷ በ7 ሚሊ ከፍ ይላል። ጠመኔውን ደግመው ቀቡት፣ ሙሉ ግራ፣ ሙሉ ቀኝ፣ ከኋላ ሦስት ሰው አስቀምጠው (ሁለቱ ሊስትሮዎች ነበሩ፣ አንዱ ረዳታቸው) የጎዳናውን ጠርዝ አስወጡኝ። ንጹህ። አንድም ነጭ የለም።

ዳገቱ ላይ ግማሹ ጉልበት ተመልሷል በሉት፣ እንጦጦን በሁለተኛ ትወጣለች ማቃሰቷ ባይቀርም። የጎኑ ወፍራምነት ደግሞ አለ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ከ185ቱ ጋር ልዩነቱን እኔ አልለየውም። የመሸከም ቁጥሩም ከ81 ወደ 84 ወጥቷል፣ 81 በአንድ ጎማ 462 ኪሎ ነው፣ 84 ደግሞ 500። አማትና ዘመድ ለሚጭን ሰው ይሄ መጥፎ አይደለም። ከኦርጅናሉ በታች የሆነ ቁጥር ግን በነፃ ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

አንድ ሁለት ነገር ልጨምር ስለ ሳይዝ፣ ሰው ሲሳሳት ስለማይ። 175/65/14ን፣ 175 ስለሆነ ይበልጣል ብለው የሚገዙ አሉ፣ አስሉት፣ 583.1 ነው የሚመጣው፣ ከኦርጅናሉ ያንሳል። ጎረቤቴ ደግሞ 16 ቸርኬ አሎይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ 195/45/16 አስገብቶ መኪናዬ ከፍ አለች ይላል። ቁመቱ 581.9 ነው! ቸርኬው ነው እንጂ ያደገው ጎማው አጥሯል፣ ጎኑ 9 ሴንቲ እንኳ የማይሞላ ጎማ ይዞ ኮብልስቶን ላይ ነው የሚሄደው፣ ባለፈው ጉድጓድ ገብቶ ጎኑ እንደ እንቁላል አብጦ ነበር። ነገርኩት፣ ቅር አለው፣ አሁን ሰላም ብቻ ነው የምንባባለው።

ደሞ ጎማ ስትገዙ ዶቱን አንብቡ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ቀጥሎ ከሚመጡት ፊደሎች መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቱ ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ዓመተ ምሕረቱ፣ እንደ ፈረንጅ። 2319 የሚል ካያችሁ 2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በኛ ግንቦት 2011 መጨረሻ ላይ ማለት ነው። ሻጩ "አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተነሳም" ይላችኋል፣ ላስቲኩ ላይነሳ ይችላል፣ ጎማው ግን መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ጎኑ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ካያችሁ ተነስታችሁ ሂዱ። መርካቶ ላይ ከአራቱ አንዱ ከሌሎቹ በሦስት ዓመት የሚበልጥ ነበር የቀረበልኝ፣ እሱን እንኳ አይቼ አስቀይሬያለሁ፣ ያቺን አንዷን በትክክል ሠርቻታለሁ።

ለሽማግሌው 5 ኮከብ። ኮከብ ምን ያደርግላቸዋል፣ ለጠመኔው ቡና መጠጫ ብዬ ስሰጣቸው ራሱ "ላየሁበት አልቀበልም፣ ለሠራሁበት ክፈል" ብለው መልሰውልኛል። ስማቸውንም ቦታቸውንም ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ወረፋ ይበዛባቸዋል፣ እኔም ገና ጎማ ማዟዟር አለብኝ። ዊል አላይመንት ግን እሳቸው ጋ የለም፣ ሌላ ቦታ ነው ያሠራሁት፣ ጎማ ቀይራችሁ ሞላ ነክታችሁ አላይመንት ካላሠራችሁ አዲሱ ጎማ ቶሎ በአንድ ጎኑ ሊላጭ ይችላል።

ሲሚንቶው ብሬከር ያው አለ፣ እንዲያውም ሰሞኑን አንድ ሰው ጫፉን ጨምሮበታል። እሁድ ሦስታቸውንም ጭኜ ቀጥ ብዬ ወጣሁት፣ ወረድኩት፣ ምንም ድምፅ የለም። ዞር ብዬ አማቴን ሳያቸው አንድ እጃቸው የበሩ እጀታ ላይ ነው፣ ሌላው ነጠላቸውን ሰብስቦ ይዟል፣ "አለፍነው እንዴ?" አሉ።